ጋሻው የማን ነው?

መቼም ሰው ሆኖ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ «እኔ ምን አደረግሁ? ሁሉም ያደረገውን ነው ያደረግሁት» ያላለ አይገኝም። ዳኛ ፊት ቆሞ ባይሆን ለትዳር ጓደኛው፣ ለትዳር ጓደኛው ባይሆን ሌሊት ጣሪያ ጣሪያ እያየ ለገዛ ራሱ ብሏት ይሆናል። እኔም ብያታለሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋችኝም ይህችው ዐረፍተ ነገር ናት። ሆኖም ወደ እርሷ የመለሰኝ መንገድ ትንሽ ያልተለመደ ስለሆነ አንባቢ ታግሦ ጥቂት አብሮኝ እንዲጓዝ እለምናለሁ። መንገዱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በተሰለፉ፣ ከአውራ ጣት ጫፍ በማይበልጡ ወታደሮች መካከል ያልፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጭር ሥልጠና ወደ እንግሊዝ አገር ሄጄ ሳለ ያረፍኩት ጡረታ በወጡ አንድ የታሪክ መምህር ቤት ነበር። ዝምተኛ፣ ከዜና ሰዓት በቀር ቴሌቪዥን የማይከፍቱ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካፖርታቸውን ደርበው፣ አንድ የእንጨት ሣጥን በብብታቸው ሸጉጠው፣ «ጦርነት ማየት ትፈልጋለህ?» አሉኝ። ጋዜጠኛ ለሆነ ሰው እንዲህ ያለው ግብዣ እምቢ አይባልምና ተከተልኳቸው።

የወሰዱኝ ወደ ሰፈሩ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ነው። አሥር ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሽበት የወረራቸው፣ በየጠረጴዛው ላይ አጎንብሰዋል። ጠረጴዛዎቹ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሰዋል። በላያቸው ኮረብታ አለ፣ ጫካ አለ፣ በሰማያዊ ቀለም የተሠራ ወንዝም አለ። ሽማግሌው ሣጥናቸውን ሲከፍቱ የመቄዶንያ ጦር ከነፈረሰኛው ወጣ። ቁመታቸው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ የብረት ወታደሮች በቀጭን ብሩሽ ተቀብተው፣ አራት አራት እየሆኑ በትንንሽ ሰሌዳ ላይ ተጣብቀዋል። ማስመሪያ ወጣ፤ ዳይስ ወጣ። የሚጮህ የለም፤ የሚሳደብ የለም። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ስሜቴ ትዝብት ነበር። «እኒህን የሚያህሉ ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታሉ እንዴ!» አልኩ በሆዴ።

ትዝብቴ ግን ብዙ አልቆየም። ጨዋታው የልጅ ጨዋታ እንዳልሆነ ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1812 ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩስያ ባላባት ለንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም 3ኛ የጦር ሜዳን በጠረጴዛ ላይ የሚያሳይ ጨዋታ ሠርቶ አቀረበ። የጦር መኮንን የሆነው ልጁም አሻሽሎት በ1824 ሕጉን በመጽሐፍ አሳተመ። የኢታማዦር ሹሙ ጄኔራል ፎን ሙፍሊንግ መጀመሪያ ቸል ብለው ማየት ጀምረው ሲያበቁ፣ ይህ ጨዋታ ሳይሆን የጦርነት ትምህርት ቤት ነው ብለው መነሣታቸው ይነገራል። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ከጦር ሰፈር ወጥቶ ወደ ሳሎን ገባ። ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 ባሳተመው የአሻንጉሊት ጦርነት መጽሐፉ እግረኛው በየተራው አንድ ጫማ፣ ፈረሰኛው ሁለት ጫማ እንዲራመድ ደነገገ። በዚያው መጽሐፍ እውነተኛው ጦርነት ምን ያህል የተወላገደና የማይረባ ነገር እንደሆነ ከጨዋታው መማር እንደሚቻል አሳሰበ። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በ1965 ደግሞ ቶኒ ባዝ የተባለ እንግሊዛዊ የጥንቱን ዘመን ጦርነት ብቻ የሚጫወቱ ሰዎችን ማኅበር መሠረተ። የእኔ ሽማግሌ የሚጫወቱበት ሕግ ፊል ባርከርና ጓደኛው እ.ኤ.አ. በ1990 ካወጡት ቀጭን መጽሐፍ የተወሰደ ነው።

እንግዲህ የዚህን ጽሑፍ ቁም ነገር የሰጠኝ ይኸው ሕግ ነው። አጠር አድርጌ ላስረዳ።

እያንዳንዱ ተጫዋች አሥራ ሁለት ሰሌዳ ወታደር አለው። ተራው ሲደርስ አንድ ዳይስ ይጥላል፤ የወጣለት ቁጥር በዚያ ተራ ሊሰጥ የሚችለው የትእዛዝ ብዛት ነው። ስድስት ከወጣ ስድስት፣ አንድ ከወጣ አንድ ብቻ። አንድ ሰሌዳ ለብቻው ቢንቀሳቀስ አንድ ትእዛዝ ይፈጃል። አሁን ልብ ይበሉ፦ ጎን ለጎን የተገጣጠሙ፣ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞሩ ስምንት ሰሌዳዎች አንድ ላይ ቢንቀሳቀሱም የሚፈጁት ያንኑ አንድ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ሰልፉን አጥብቆ ይይዛል። ሰልፉ አራት ቦታ ከተበተነና ዳይሱ አንድ ካሳየ ከአራቱ አንዱ ይሄዳል፤ ሦስቱ እንደ ሐውልት ቆመው ይቀራሉ።

ለዚህ ርካሽነት ግን የሚከፈል ነገር አለ። ለብቻው ያለ ሰሌዳ ወደፈለገበት ይዞራል፣ ወደ ጎን ይላል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። በሰልፍ ውስጥ ያለው ወይ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወይ ከሰልፉ ጋር ይዞራል፤ ሌላ ምርጫ የለውም። አስቸጋሪ መሬት ሲያጋጥመው ሰልፉ እንዳለ ሊገባበት አይችልም፤ አንድ በአንድ እየተከታተለ እንደ ቅፍለት መቅጠን አለበት። ሲዞር ደግሞ እንደ በር ነው የሚዞረው። ማጠፊያው ላይ ያለው እዚያው ቆሞ ይሽከረከራል፣ ጫፍ ላይ ያለው ግን መንገዱን ሁሉ ይሮጣል። ርቀቱ የሚለካውም በጫፈኛው ነው። ትእዛዙ ለሁሉም አንድ ነው፤ ድካሙ ግን አንድ አይደለም።

«ለምን እንዲህ ሆነ?» ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው። «ስምንቱን ማንቀሳቀስ ከአንዱ ይልቅ መክበድ አልነበረበትም?»

«ተሳስተሃል ልጄ» አሉኝ ማስመሪያቸውን አስቀምጠው። «ሰው አጠገቡ ያለው ሲራመድ ይራመዳል። ለዚያ ትእዛዝ አያስፈልገውም። ትእዛዝ የሚያስፈልገው ከሰልፉ ለመውጣት ነው።»

ይህ አባባላቸው በዚያች ቅዳሜ ብቻ ሳይሆን ወደ አገሬ ተመልሼም አልለቀቀኝም።

*

ሕጉን የጻፉት ሰዎች ከሜዳ ተነሥተው አልፈጠሩትም። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ418 ዓመት በማንቲኒያ ስለተደረገው ጦርነት ሲጽፍ አንድ አስገራሚ ነገር ይነግረናል። የግሪክ እግረኛ ክብ ጋሻውን በግራ ክንዱ ነው የሚይዘው። ጋሻው የራሱን ግራ ጎንና በስተግራው የቆመውን ጓደኛውን ቀኝ ጎን ይሸፍናል። የእርሱን ቀኝ ጎን የሚሸፍንለት ደግሞ በስተቀኙ ያለው ጎረቤቱ ነው። በመሆኑም ሠራዊት ወደ ጠላት ሲራመድ እያንዳንዱ ሰው ያልተሸፈነ ጎኑን ለማትረፍ ወደ ጎረቤቱ ጋሻ ጠጋ ይላል። ጎረቤቱም እንዲሁ። ጠቅላላው ሰልፍ ማንም ሳያዝዘው ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። ቱሲዲደስ የነገሩን መነሻ ሲፈልግ የሚያገኘው በቀኝ ጫፍ ያለውን የመጀመሪያውን ሰው ነው። እርሱ ባዶ ጎኑን ከጠላት ለማራቅ ይሸሻል፤ ሌሎቹ በዚያው ፍርሃት ይከተሉታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አሥር ሺህ ሰው ከያዘው አቅጣጫ ወጣ። ማን አወጣው? ማንም። እያንዳንዱ የተጠጋው ግማሽ እርምጃ ብቻ ነው። ቢጠየቅም «እኔ ከጎረቤቴ አልተለየሁም» ይላል፤ እውነቱንም ነው። የሰልፍ ኃጢአት መልኩ ይህ ነው። ሲደመር ተራራ ያክላል፤ ሲካፈል ግን በማንም እጅ አይገኝም።

ይሁን እንጂ ሰልፍን በዚህ ብቻ መፍረድ ግፍ ይሆናል። ፕሉታርክ ስለ ስፓርታው ንጉሥ ዴማራቶስ ያቆየልን ወግ አለ። ስፓርታውያን የራስ ቁሩንና ጥሩሩን የጣለውን ወታደር ሳያዋርዱ ጋሻውን የጣለውን ለምን እንደሚያዋርዱ ቢጠየቅ፣ ቁሩን ሰው የሚለብሰው ለራሱ ነው፣ ጋሻውን የሚሸከመው ግን ለሰልፉ ሁሉ ነው ብሎ መለሰ ይባላል። ቁር የግል ነው፤ ጋሻ የጋራ ነው። እንዲህ ሲታይ ሰልፍ ማለት የመንጋ ጉዞ ሳይሆን ቃል ኪዳን ነው። እኔ የአንተን ጎን እሸፍናለሁ፤ የእኔን ደግሞ ሌላው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል በደረቁ ስለ ብዛት የተነገረ አይመስለኝም። ድሩ የሚያስረው አንዱ ክር ሌላውን ስለያዘው ነው።

በእኛም አገር ቢሆን ሰው በሰልፍ ውስጥ ያለው ቦታ ስሙ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ፊታውራሪ ከፊት የሚመራው፣ ቀኛዝማች የቀኙን የሚያዘምተው፣ ግራዝማች የግራውን የሚያዘምተው ነበር። ሰልፉ ቀርቶ ማዕረጉ ብቻ ከቀረ በኋላም ሰው በዚያ ስም ይጠራና ይከበር ነበር። አያቶቻችን ለአንድ ሰው «ቀኛዝማች» ሲሉት ሳያውቁትም ቢሆን «የቀኙ ጎናችን በአንተ እጅ ነው» ማለታቸው ነበር። ከማዕረግ ሁሉ ይህን ያህል አደራ የተሸከመ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በሰልፍ መቆም አንዳንዴ ቃል ኪዳን፣ አንዳንዴ ደግሞ መደበቂያ ከሆነ፣ አንዱን ከሌላው በምን እንለየዋለን? ሁለቱም ከውጭ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። ሁለቱም ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሄዳሉ። የሁለቱም ዋጋ አንድ ትእዛዝ ነው።

*

አሁን የራሴን ጉዳይ ላንሣ፤ ሳላነሣው ባልፍ ይህ ሁሉ ወሬ የሰው አገር ወሬ ሆኖ ይቀራልና።

ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት፣ ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ በጀመርኩበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ የክፍላችን ካሜራ ጠፋ። ለመጨረሻ ጊዜ ፈርሞ የወሰደው አንድ ባልደረባችን ነበር። ሰውየው ሥራውን የሚያውቅ፣ ግን በስብሰባ ላይ የመሰለውን ከመናገር የማይመለስ ስለሆነ በአለቃችን ዘንድ እምብዛም አይወደድም። መመለሱን የሚያሳይ ፊርማ የለም፤ መዝገቡን የምትይዘው ልጅ በዚያ ዓርብ ቀደም ብላ ወጥታ ነበር። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ አንድ ደብዳቤ በየጠረጴዛው ይዞር ጀመር። «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሠራተኞች» ይላል። በባልደረባችን ላይ እምነት እንዳጣንና ተገቢው እርምጃ እንዲወሰድ እንደምንጠይቅ ይናገራል። ወሩ የአብዛኞቻችን ኮንትራት የሚታደስበት ወር ነበር። የሚያስፈራራን አልነበረም፤ ማስፈራራት አላስፈለገም። ደብዳቤው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ መጣ፤ ሰው አየ፣ ከበላዩ ያሉትን ስሞች ቆጠረ፣ ፈረመ፣ አሳለፈ። ለእኔ ሲደርስ ስምንት ፊርማ ነበረበት። ዘጠነኛው የእኔ ሆነ። በመጨረሻ አሥራ አራት ሞላ።

ባልደረባችን ተሰናበተ። ካሜራው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የሽማግሌውን ሰልፍ ሳይ ያ ደብዳቤ ፊቴ ላይ ተዘረጋ። አሥራ አራታችን አንድ ላይ ተንቀሳቀስን፤ የፈጀነው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ እርሱም በቅጡ የተሰጠ አልነበረም። አዟዟራችንም እንደ በር ነበር። ማጠፊያው ላይ የቆመው አለቃችን አልፈረመም፤ ከቦታውም አልተነቃነቀም። ጫፍ ላይ የነበረችው ግን፣ ሦስት ልጆች የምታሳድገው ጸሐፊያችን፣ ለመፈረም የሮጠችውን መንገድ እኔ አውቀዋለሁ። ፈርማ ስታበቃ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያን ባልደረባዬን ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት አገኘሁት። ልሸሸው አስቤ ነበር፤ እርሱ ግን ጠራኝ፤ ሻይም ጋበዘኝ። እየተንተባተብኩ ይቅርታ መሰል ነገር ጀመርኩ። ሳቀና፣ «ተወው ባክህ! በአሥራ አራት ሰው ላይ እንዴት ቂም ይያዛል? በአንድ ሰው ቢሆን ኖሮ እችል ነበር» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በእርሱ ደግነት ውስጥ እኔ አንድ ሰው መሆኔ ቀርቶ የአሥራ አራት አንድ እጅ ሆኜ ተገኘሁ። ይቅር ሊለኝ እንኳ አልቻለም፤ ይቅርታ የሚደረግለት ራሱን የቻለ ሰው አላገኘምና።

ጥፋት ሲያካፍሉት ያንሳል? ብዙዎቻችን የምንኖረው ጥፋት እንደ እንጀራ ነው ብለን ነው፤ ለአሥራ አራት ሲቆረስ ለእያንዳንዱ ጉርሻ ብቻ ይደርሰዋል ብለን። እኔ ግን እንደ ጧፍ ይመስለኛል። አንዱ ከሌላው ቢለኩስ የፊተኛው ነበልባል አይቀንስም፤ አሥራ አራት ነበልባል ይሆናል እንጂ። ባልደረባዬ ያጣው አንድ ሙሉ ሥራ ነው እንጂ የሥራ አሥራ አራተኛ አይደለም። ሁላችንም ለያንዳንዳችን ሙሉውን ነው የወሰድንበት።

*

«ታዲያ ከሰልፉ ብትወጣስ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ከሰልፍ መውጣት በራሱ ጀግንነት ቢሆን ኖሮ የሚሸሽ ሁሉ ጀግና በሆነ ነበር።

ወደ ማንቲኒያ እንመለስ። የስፓርታው ንጉሥ አጊስ ሠራዊቱ ወደ ቀኝ መንሸራተቱንና ግራ ክንፉ ሊከበብ መሆኑን አየ። በግራ ያሉት ስኪሪታይ የሚባሉት ወታደሮችና የብራሲዳስ ዘማቾች ይበልጥ ወደ ግራ እንዲሄዱ አዘዘ። የሚፈጠረውን ክፍተት ለመሙላት ደግሞ አሪስቶክሊስና ሂፖኖይዳስ የተባሉ ሁለት አዛዦች ከቀኝ ክንፍ ጦራቸውን ይዘው እንዲመጡ ላከባቸው። ሁለቱ አልተንቀሳቀሱም። አጊስ የሄዱትን ሊመልስ ቢሞክርም ጊዜው አልፎ ነበር። ጠላት በክፍተቱ ገባና እነዚያን የግራ ሰዎች እስከ ስንቅ ጋሪው ድረስ አሳደዳቸው። ስፓርታ በመሐል አሸንፋ ጦርነቱን አገኘችው። ሁለቱ አዛዦች ግን በፍርሃት ተፈርዶባቸው ከአገር ተሰደዱ። ትእዛዙ የደረሳቸው ጦሩ ወደ ፊት መራመድ ከጀመረ በኋላ መሆኑን ቱሲዲደስ አልደበቀም፤ ስለዚህ የሚከራከርላቸው ቢኖር አይፈረድበትም። ያም ሆነ ይህ፣ አልታዘዝም ማለታቸው ነጻ ሰዎች አላደረጋቸውም። በቆሙበት ሲቆሙ የሌሎች ጎን ባዶ ቀረ።

ከ221 ዓመት በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ197፣ በቴሳሊያ በኪኖስኬፋሌ ኮረብታዎች ላይ ሌላ ሰው ትእዛዝ ሳይጠብቅ ወጣ። የሮማው አዛዥ ፍላሚኒኑስ ከመቄዶንያው ንጉሥ ከፊልጶስ 5ኛ ጋር ገጥሞ ነበር። የመቄዶንያ ሰልፍ ፋላንክስ ይባላል። ሳሪሳ የሚባለው ጦሩ ከስድስት ሜትር በላይ ስለሚረዝም፣ ፖሊቢየስ እንደሚያሰላው፣ ከፊት ሰው አልፎ የአምስት ረድፍ የጦር ጫፍ ይወጣል፤ አንድ ሮማዊ አሥር የጦር ጫፍ ይጠብቀዋል። ከፊት ለፊት የሚቋቋመው የለም። በዚያን ቀን የሮማ ግራ ክንፍ እየተገፋ ወደ ኋላ ይንሸራተት ነበር። ቀኙ ግን እያሸነፈ፣ እየተበተነ ያለውን ጠላት ያሳድዳል። በአሸናፊው ክንፍ ውስጥ አንድ የሮማ ትሪቡን ነበር፤ ፖሊቢየስ ስሙን አልጻፈውም። ይህ ሰው ከሃያ ማኒፑል የማይበልጥ ጦር ይዞ ማሳደዱን ተወና በዚያች ቅጽበት ራሱ በፈረደው ዞሮ በድል ላይ በነበረው ፋላንክስ ጀርባ ወረደ። ፋላንክስ ደግሞ መዞር አይችልም። ጦርነቱ በዚያው አበቃ።

ሽማግሌውን፣ «ይህ ትሪቡን በሕጋችሁ ውስጥ የት አለ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

ጥቂት ዝም ብለው፣ «የለም» አሉኝ። «ትሪቡኑ ተጫዋቹ ነው። እኔ ጠረጴዛውን ሁሉ ከላይ አየዋለሁ፤ የጨዋታችን ትልቁ ውሸት እርሱ ነው። በሰልፍ ውስጥ ያለው ሰው የሚያየው የፊተኛውን ሰው ጀርባ ብቻ ነው። ያ ትሪቡን ግን በሆነ ምክንያት ቀና ብሎ አየ።»

እንግዲህ መለያው ከዚህ የሚገኝ ይመስለኛል። ሁለቱ የስፓርታ አዛዦችና ስሙ ያልታወቀው ትሪቡን ሁሉም በራሳቸው ፈረዱ። ልዩነታቸው በመታዘዝና ባለመታዘዝ አይደለም፤ ጋሻው ማንን ሸፈነ በሚለው ነው። እነዚያ ባሉበት ሲቀሩ ጓደኞቻቸው ተጋለጡ። ይህኛው ደኅናውንና ያሸነፈውን ቦታ ትቶ ሲወጣ በግራ የሚያልቁትን ሸፈነ። ከሰልፉ ወጣ፤ ቃል ኪዳኑን ግን አላፈረሰም። በሰልፍ ውስጥ ቆሞ ቃል ኪዳኑን የሚያፈርስም አለ። እኔ ዘጠነኛ ሆኜ ስፈርም ትከሻዬ ከትከሻ አልተለየም ነበር። የያዝኩት ግን ቁሬን እንጂ ጋሻዬን አልነበረም።

«ሰልፈኛው የሚያየው ጀርባ ብቻ ከሆነ ምን ይፈረድበታል?» ይባል ይሆናል። በእውነትም ባላየው ነገር ሰውን መኮነን አይገባም። ከአሥራ አራታችን ውስጥ አብዛኞቹ ባልደረባችን ካሜራውን ይመልስ አይመልስ አላወቁም፤ የእነርሱን ፍርድ ለእነርሱ እተወዋለሁ። እኔ ግን በዚያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ረፍዶብኝ እዚያው ነበርኩ። ካሜራውን ከነማኅደሩ ወደ ካቢኔው ሲያስገባውና በሩን ገፍቶ ሲዘጋው በዓይኔ አይቻለሁ። «ደኅና እደር» ብሎኝ ነው የወጣው። ከዚያ በኋላ ማን ወሰደው፣ አላውቅም። እርሱ ግን እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

*

የኪኖስኬፋሌን ታሪክ እዚህ ላይ ብጨርሰው ትሪቡኑን አወድሼ መለያየት በተቻለ ነበር። ግን አላለቀም።

የመቄዶንያ ወታደሮች መከበባቸውን ሲያዩ ረጃጅም ጦሮቻቸውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርገው አነሡ። በእነርሱ ዘንድ ይህ እጅ የመስጠት ምልክት ነው። ሮማውያኑ ግን ምልክቱን አያውቁትም። ፍላሚኒኑስ ነገሩ ግራ ገብቶት ቆመ፤ ትርጉሙ ሲነገረው ሊምራቸው ፈለገ። ይህ እስኪሆን ድረስ ከፊት የነበሩት የሮማ ወታደሮች ገብተው አብዛኞቹን ፈጇቸው። በዚያን ቀን ከመቄዶንያ ወገን 8000 ያህል ሞቱ፤ ከ5000 ያላነሱ ተማረኩ። ከሮማ ወገን የሞቱት 700 ያህል ናቸው።

ሽማግሌው በዚያች ቅዳሜ አሸነፉ። የተጋጣሚያቸው አራተኛ ሰሌዳ ተሸንፎ ከጠረጴዛው ሲነሣ ጨዋታው አለቀ፤ ሕጉ እንዲያ ነው። የተነሣው ሰሌዳ ሞተ፣ ሸሸ ወይስ ተማረከ ተብሎ አይጠየቅም። ጦሩን ወደ ላይ ያነሣ ሰው በዳይስ አይታይም። ይህን የምለው ጨዋታውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጨዋታ የሚለካው የሚለካውን ነው። እንዲያውም የእውነተኛው ሰልፍ ችግር ምን እንደሆነ አጥርቶ ያሳየኝ እርሱ ነው። ሰልፍ ወደ ፊት ለመሄድ አንድ ትእዛዝ ይበቃዋል፤ ለመቆም ግን ስንት እንደሚያስፈልገው በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም።

ደብዳቤው ተፈርሞ ከገባ በኋላ፣ ውሳኔው ሳይነገር በፊት፣ ባልደረባችን አንድ ጠዋት ወደ ክፍላችን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ክርክር አላነሣም፤ ማንንም አልወቀሰም። «ካሜራውን እዚያ ካቢኔ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት» አለና ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ብዙ አይደለም፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው ያየኝ። በዚያ አዳራሽ ቆሜ የመቄዶንያውያንን ነገር ስሰማ ትዝ ያለኝ ያ አስተያየት ነው። ጦሩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ነበር። እኔ ደግሞ እንደ ሮማውያኑ ምልክቱን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። አውቄዋለሁ። አቀርቅሬ የጀመርኩትን ዜና መጻፍ ቀጠልኩ።

ያኔ ብናገር ኖሮ ይተርፍ ነበር? አንድ ሰው ብቻውን ቢወጣ አሥራ ሦስቱ ሊቆሙ ይችሉ ነበር? ይህን የሚያውቅ የለም። ትሪቡኑም ሲዞር የሚያሸንፍ መሆኑን አላወቀም፤ ያወቀው በግራ በኩል ሰዎች እያለቁ መሆናቸውን ብቻ ነው። እርሱን ለማወቅ ደግሞ ቀና ማለት በቃው።

ሁላችንም በአንድ ወይም በሌላ ሰልፍ ውስጥ ነን። በመሥሪያ ቤት፣ በዕድር፣ በዘመድ ጉባኤ፣ በጓደኛ ማኅበር ተሰልፈናል፤ ከሰልፍ ውጭ መኖርም አይቻልም፣ ቢቻልም ብርድ ነው። ስለዚህ ለወዳጆቼ ከሰልፍ ውጡ አልልም። ደብዳቤው ወደ ጠረጴዛችሁ ሲደርስ ከበላዩ ያሉትን ስሞች ከመቁጠራችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ በእጄ ያለው ጋሻ አሁን የሚሸፍነው ማንን ነው? መልሱ «እኔን ብቻ» ከሆነ የያዛችሁት ጋሻ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ ከማሳተሜ በፊት ለዚያ ባልደረባዬ ወስጄ አስነብቤዋለሁ። ዓርቡን የሚያወሳው ቦታ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አስቀመጠና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «አይተኸኝ ነበር?» አለኝ በመጨረሻ። «አላየህ ይሆናል ብዬ ነበር እኮ።» ከዚያ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ።

አሁን በእኔ ላይ ቂም መያዝ ይችላል። ከአሥራ አራቱ ተለይቼ አንድ ሰው ሆኛለሁ።